ከኪራይ አዳራሽ ወደ ራሳችን ጸሎት ቤት፦ በሰሜን ሸዋ ላሉ አጥቢያዎች የተዘጋጀ ደረጃ በደረጃ መመሪያ

በሰሜን ሸዋ ከተሞች አንድ አጥቢያ በሳሎን ይጀመራል፤ ግቢ ይከራያል፤ ሸራ ይዘረጋል፤ ሕዝቡ ደጅ ቆሞ ቃል መስማት ሲጀምር ቋሚ ቦታ ፍለጋ ይወጣል። ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። መዋጮ ተሰብስቦ ቦታ አይገኝም፤ ቦታ ተገዝቶ ካርታ አይወጣም፤ ግድግዳ ቆሞ «አፍርሱ» የሚል ደብዳቤ ይመጣል። ብዙውን ጊዜ የሚያበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው፤ ገንዘቡ ከወረቀቱ ይቀድማል፣ ግንባታውም ከፈቃዱ ይቀድማል። ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተራቸው ተከተሉ። አንዱን ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትሂዱ።

መመሪያው በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ ዞንና በደብረ ብርሃን ላሉ ወንጌላውያን አጥቢያዎች ነው። በኦሮሚያው ሰሜን ሸዋ፣ በፍቼና አካባቢው ያላችሁ፣ የፌዴራል ሕጎቹ እናንተንም ይመለከታሉ፤ የክልሉን ደንብና የቢሮ አሠራር ግን እዚያው ጠይቁ።

## ደረጃ 1፦ ማንነታችሁ በወረቀት ይታይ

ቦታ የሚመደበውም ሆነ ቤትና ይዞታ የሚሸጠው ሕጋዊ ሰውነት ላለው አካል ነው። አጥቢያችሁ ሁለት መቶ ምዕመን ቢኖራትም በሕግ ፊት ራሷን ችላ የቆመች ላትሆን ትችላለች፤ ብዙዎቹ አጥቢያዎች የሚታወቁት በተመዘገበችው እናት ቤተ ክርስቲያን በኩል ነው። ስለዚህ ከዋናው ጽሕፈት ቤት እነዚህን አስቀድማችሁ አውጡ፦

1. የታደሰ የምዝገባ ምስክር ወረቀት ቅጂ። ጊዜው ካለፈ ሌላውን ሁሉ አቁማችሁ እድሳቱን ጨርሱ።
2. አጥቢያዋ የቤተ ክርስቲያኒቱ አካል መሆኗን የሚገልጽ፣ ለከተማው ወይም ለወረዳው የተጻፈ ደብዳቤ።
3. በሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ ውክልና። «በማንኛውም ጉዳይ» የሚል ጥቅል ውክልና አይበቃም። መሬት መጠየቅ፣ መግዛት፣ ውል መፈረም፣ ካርታ መረከብ፣ የግንባታ ፈቃድ ማውጣት የሚሉት እያንዳንዳቸው በስማቸው ይጻፉ።

ከማንም ሥር ያልሆናችሁ ነጻ ጉባኤ ከሆናችሁ መጀመሪያ ተመዝገቡ። ምዝገባ ሳይኖር መሬት ፍለጋ መውጣት ጊዜ ማቃጠል ነው።

### በግለሰብ ስም አትግዙ

ይህን ለብቻው ያነሣሁት ከሁሉ የከፋ ጉዳት የሚያመጣው እሱ ስለሆነ ነው። «ምዝገባው እስኪያልቅ ለጊዜው በወንድም እገሌ ስም ይሁን» ይባላል። ወንድም እገሌ ታማኝ ሰው ነው፤ ማንም አይጠራጠረውም። ግን ሰው ይሞታል፣ ይፋታል፣ በዕዳ ይከሰሳል። በዚያን ቀን ንብረቱ በሕግ ፊት የእሱና የቤተሰቡ ነው። ወራሾቹ አማኞች ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቢሆኑም ለአቅመ አዳም ያልደረሱ ልጆች ካሉ ሞግዚቱ ንብረታቸውን በቸርነት መልቀቅ አይችልም።

ቀድሞ ከተደረገስ? ባለስሙ በሕይወትና በጤና ሳለ ዛሬውኑ ወደ ጠበቃ ሂዱ፤ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው አብሮ ይቅረብ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ስጦታ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2443 መሠረት በግልጽ በሚደረግ ኑዛዜ (በምስክሮች ፊት ተነብቦ በሚፈረም ኑዛዜ) ሥርዓት ካልተፈጸመ አይጸናም፤ በተራ ደብተር ላይ «ለቤተ ክርስቲያን ሰጥቻለሁ» ብሎ መፈረም አያድናችሁም።

## ደረጃ 2፦ ኮሚቴና ገንዘብ

ጉባኤው ተሰብስቦ ይወስን፤ ውሳኔው በቃለ ጉባኤ ይስፈር። ቃለ ጉባኤው ላይ ቀኑ፣ የተገኙት ሰዎች ብዛት፣ የተመረጡት ሰዎች ሙሉ ስም፣ ሥልጣናቸው እስከምን ድረስ እንደሆነና ከምን ያህል ብር በላይ ሲሆን ወደ ጉባኤው መመለስ እንዳለባቸው ይጻፍ።

አምስት ወይም ሰባት ሰው ይበቃል። ግንባታ የሚያውቅ፣ ሂሳብ የሚያውቅና በሰፈሩ የሚከበር ሰው አይጥፋ። ሴቶችን ለሻይ ማፍላት ብቻ አትጥሩ፤ ደረሰኝና መዝገብ በሴቶች እጅ ሲሆን የሚጠፋ ወረቀት ማነሱን ብዙ አጥቢያ ያውቀዋል። የሚሸጥ መሬት ያለው፣ ደላላ የሆነ ወይም ተቋራጭ ሆኖ ሥራውን ሊወስድ የሚያስብ ሰው ኮሚቴ ውስጥ አይግባ። ሥራውን ይሥራ ከተባለ ኮሚቴውን ይልቀቅ።

የባንክ ሂሳብ በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ይከፈት፤ ለግንባታ ብቻ የሚውል፣ ከአሥራትና ከመባ የተለየ ይሁን። ሦስት ፈራሚ ይኑረው፤ ገንዘብ ሲወጣ ቢያንስ ሁለቱ ይፈርሙ። እሁድ የተሰበሰበ ጥሬ ገንዘብ ሰኞ ባንክ ይግባ። የእህል፣ የበግ፣ የጥጃ ስጦታ ሲመጣም (በመንዝና በሞረትና ጅሩ በኩል ይህ የተለመደ ነው) ዕለቱን ተመዝኖ ወይም ተገምቶ ይመዝገብ፤ ሲሸጥ የተሸጠበት ዋጋ ከግምቱ ጎን ይጻፍ። ቃል የተገባ ገንዘብን በእጅ እንዳለ አትቁጠሩ፤ ውል ስትፈርሙ ባንክ በገባው ልክ ፈርሙ።

በየሦስት ወሩ ገቢና ወጪውን ለጉባኤው አንብቡ። መዋጮ ሲቀዘቅዝ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ድህነት ሳይሆን ዝምታ ነው።

## ደረጃ 3፦ የምትፈልጉትን ስፋት በቁጥር እወቁ

ቢሮ ገብታችሁ «ሰፋ ያለ ቦታ» ብትሉ ማንም አይሰማችሁም። ለሦስት ወር በየእሁዱ አዋቂንና ሕፃናትን ለየብቻ ቁጠሩ። ኮንፈረንስና የበዓል ቀን አታስገቡ፤ ቁጥሩን ያሳብጡታል።

ለአዳራሹ መተላለፊያን ጨምሮ ለአንድ ሰው 1 ካሬ ሜትር ያዙ። ለምሳሌ ዛሬ 250 አዋቂና 80 ሕፃናት ካላችሁ፣ ለ400 ሰው ብታቅዱ አዳራሹ 400 ካሬ ሜትር ይሆናል። መድረክ 40፣ ለሕፃናት ሦስት ክፍል በ30 በ30፣ ቢሮ፣ ዕቃ ቤትና ሽንት ቤት ሲጨመሩ ወደ 600 ይጠጋል። ከአጥር የሚተወውን ክፍተት፣ ግቢውንና የሠርግና የለቅሶ ቀን ድንኳን የሚጣልበትን ስታስቡ 1,200 እስከ 1,500 ካሬ ሜትር ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ያነሰ ከተገኘ ወደ ላይ መሥራት ይመጣል፤ ወደ ላይ መሥራት ደግሞ ብረትና ሲሚንቶ ይበላል። ይህን አስቀድማችሁ ለጉባኤው ንገሩ።

## ደረጃ 4፦ መንገዱን ምረጡ

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም አይለወጥም። ስለዚህ በከተማ ውስጥ ያሏችሁ መንገዶች ሦስት ናቸው።

ምደባ። የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ 721/2004 ለእምነት ተቋማት አምልኮ ማካሄጃ የሚሆን ቦታ ያለ ጨረታ፣ በካቢኔ ውሳኔ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ወጪው ይቀላል፣ ጊዜው ይረዝማል። ሁልጊዜ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

ቤትና ይዞታ መግዛት። ይፈጥናል፤ ግን ፍተሻው ከባድ ነው። ልብ በሉ፦ በዚሁ አዋጅ መሠረት ነባር ይዞታ (በሊዝ ሳይሆን ከዚያ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተያዘ ቦታ) ከውርስ ውጪ በሆነ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ ሥሪት ይገባል። የሊዙ ክፍያ ስንት እንደሚሆን ከመሬት አስተዳደሩ ሳትጠይቁ ዋጋ አትስማሙ።

የሊዝ ጨረታ። አቅም ካላችሁ ይቻላል፤ ነገር ግን ቦታው የወጣው ለመኖሪያ ወይም ለንግድ ከሆነ አሸንፋችሁም ጸሎት ቤት ልትሠሩበት አትችሉም። የጨረታ ሰነዱ ላይ የአገልግሎቱን ዓይነት ሳታነብቡ አትግቡ።

የሊዝ ዘመኑ በአዋጁ ለሃይማኖት ተቋማት እስከ 99 ዓመት ነው። ውላችሁ ላይ ያነሰ ዓመት ካያችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

### አራተኛውን መንገድ አትሂዱ

ከከተማ ዳር ገበሬ መሬት መግዛት። ደብረ ብርሃን ሲሰፋ፣ ጫጫም አረርቲም ሲሰፋ፣ ይህ ፈተና በየአጥቢያው በር ላይ ቆሟል። ዋጋው ርካሽ ነው፤ ገበሬው ደብተሩን ያሳያል፤ ሽማግሌ ይፈርማል፤ ሁሉም ነገር እውነት ይመስላል። የገጠር መሬት ግን የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ አይደለም፤ የይዞታ ደብተሩም ለእናንተ አይዞርም። ከተማው ወደዚያ ሲደርስ ካሳ የሚከፈለው ለባለ ደብተሩ ነው፤ የሠራችሁት ሕገወጥ ግንባታ ተብሎ ይፈርሳል። «ሁሉም እንደዚህ ነው የሚያደርገው» የሚላችሁን ሰው ካርታውን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት።

## ደረጃ 5፦ የምደባ ጥያቄ ማቅረብ

መጀመሪያ ወደ ከተማው ፕላን ክፍል ሂዱና መዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ለእምነት ተቋማት የተያዘ ወይም ከአምልኮ ጋር የሚስማማ ቦታ የት የት እንዳለ ጠይቁ። ቦታ ጠቁሞ የሚጠይቅና ዝም ብሎ የሚጠይቅ ሰው ፋይል አንድ ዓይነት ዕድል የለውም። በአምልኮ ቤቶች መካከል ሊኖር የሚገባውን ርቀት የሚመለከት መመሪያ መኖሩንም በዚያው ጠይቁ። ከዚያ ደብዳቤውን በዚህ መልክ አዘጋጁ፦

> ለ______ ከተማ አስተዳደር
> ጉዳዩ፦ የአምልኮ ማካሄጃ ቦታ በምደባ እንዲሰጠን ስለመጠየቅ
>
> ቤተ ክርስቲያናችን በምዝገባ ቁጥር ______ ተመዝግባ፣ በ______ ቀበሌ ከ______ ዓ.ም. ጀምሮ በኪራይ አዳራሽ አገልግሎት እየሰጠች ትገኛለች። የምዕመናን ቁጥር ______ የደረሰ ሲሆን የምንገለገልበት አዳራሽ ስፋት ______ ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ስለሆነም በከተማው ፕላን መሠረት ተስማሚ ከሆኑ ቦታዎች ______ ካሬ ሜትር እንዲመደብልን እየጠየቅን፣ ______ ገጽ ማስረጃ አያይዘን አቅርበናል።

አያይዙ፦ የምዝገባ ምስክር ወረቀት፣ ውክልና፣ ቃለ ጉባኤ፣ የኪራይ ውል፣ የምዕመናን ቁጥር፣ የባንክ መግለጫ፣ የሕንፃው መነሻ ንድፍ። ገጾቹን ቁጠሩና ቁጥር ስጧቸው። ፋይል ውስጥ አንድ ወረቀት ሲጎድል የሚጠየቀው አስገቢው ነው።

ሁለት ኮፒ ይዛችሁ መዝገብ ቤት ግቡ። አንዱ ገቢ ይሆናል፤ ሁለተኛው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱ። ይህች በማኅተም ጥግ ላይ የተጻፈች ቁጥር ለሚቀጥለው ጊዜ ሁሉ መታወቂያችሁ ናት። በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የቀረ ደብዳቤ እንዳልገባ ይቆጠራል።

ክትትሉን ለአንድ ሰው ስጡ። በየሳምንቱ የተለያየ ሰው መሄድ ፋይሉን እንግዳ ያደርገዋል። የተነገረው ሁሉ በማስታወሻ ይያዝ፦ ቀን፣ ክፍል፣ የተባለው ነገር።

መልስ ከዘገየ የገቢ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ የማስታወሻ ደብዳቤ አስገቡ።
«ቦታ የለም» ከተባላችሁ በጽሑፍ ይሰጠን በሉ፤ ያለ ጽሑፍ ይግባኝ የለም። በጽሑፍ ሲሰጥ ደግሞ ቀጣዩ የቦታ ዝግጅት መቼ እንደሆነ አብራችሁ ጠይቁ።
ያለ በቂ ምክንያት ከተከለከላችሁ በቅደም ተከተል ሂዱ፦ የከተማው ቅሬታ ሰሚ፣ ከዚያ የበላይ አካል፣ ከዚያ የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። የእናት ቤተ ክርስቲያናችሁን ጽሕፈት ቤትና በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውን የወንጌላውያን ካውንስል በደብዳቤ አሳውቁ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 27 ገና በመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ አትምቱ፤ የሃይማኖት ነጻነት እውነት ነው፣ ግን ባለሙያው ፊት የሚሠራው የተሟላ ፋይል ነው። አንቀጹ የይግባኝ ደብዳቤ ላይ ቦታ አለው።

እጅ መንሻ ከተጠየቃችሁ አትስጡ። በጉቦ የተገኘ ካርታ በሚቀጥለው ኦዲት ሊመክን ይችላል፤ የቤተ ክርስቲያንም ስም አብሮ ይወድቃል።

## ደረጃ 6፦ ቦታውን በእግራችሁ ፈትሹ

ምደባም ሆነ ግዢ፣ ከመረከብ ወይም ከመፈረም በፊት ይህን አድርጉ።

1. ለኩ። ካርታና ሜትር ይዛችሁ ከችካል ወደ ችካል ሂዱ። ካርታው 1,200 እያለ መሬቱ 1,060 ቢሆን የጎደለው የት ገባ? ብዙ ጊዜ ችካሉ የጎረቤት አጥር ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ተቀብሮ ይገኛል። የመሬት አስተዳደሩ ቀያሽ ሳይመጣ፣ አዋሳኞቹም ቆመው ሳያዩ አትቀበሉ።

2. አፈሩን እዩ። በደብረ ብርሃን፣ በእነዋሪና በደነባ አካባቢ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ) አፈር ሰፊ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ ከላዩ የተቀመጠውን ግድግዳ አብሮ ይሰነጥቃል። በጥር ወር መሬቱ ላይ ያለው ስንጥቅ እጅ የሚያስገባ መሆኑን ተመልከቱ። የጎረቤት ግንብ ቤት ከመስኮትና ከበር ጥግ ጀምሮ በሰያፍ የተሰነጠቀ ከሆነ አፈሩ ነግሯችኋል። በቦታው ሦስት ጥግ ጉድጓድ አስቆፍሩና ጥቁሩ አፈር የት እንደሚያልቅ መሐንዲስ ይይ። ጥልቅ ከሆነ ቦታውን መተው ሳይሆን የመሠረቱን ወጪ በዋጋ ድርድሩ ላይ ማስገባት ነው።

3. ውሃውን ተከተሉ። በነሐሴ አንድ ጊዜ ሂዱ። በበጋ የተገዛ ረግረግ ብዙ ነው።

4. ቁልቁለትና መንቀጥቀጥ። በደብረ ሲናና በጣርማ በር አፋፍ ላይ ያላችሁ የመሬት መንሸራተት ያለበትን ተረተር ራቁ። ዘንበል ያሉ ዛፎችና እርከን የሚመስሉ አዲስ ስንጥቆች ምልክት ናቸው። በአጣዬ፣ በካራ ቆሬና በማጀቴ በኩል ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያወደመው የመሬት መንቀጥቀጥ ይታወሳል፤ በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የተነሣው ንዝረትም ሩቅ ድረስ ተሰምቷል። እዚህ የምትሠሩ ከሆነ መሐንዲሱ ስሌቱን መንቀጥቀጥን አስገብቶ መሥራቱን በጽሑፍ ጠይቁ።

5. መንገዱን ጠይቁ። ሲሚንቶና ብረት የጫነ መኪና ክረምት ላይ ይገባል? መብራትና ውሃ ምን ያህል ይርቃል? ከበሩ ፊት ያለው መንገድ በጥምቀት ታቦት የሚያልፍበት ከሆነ መግቢያችሁን በሌላ በኩል አድርጉ።

## ደረጃ 7፦ ከግዢ በፊት የሰነድ ፍተሻ

ሻጩ ያመጣውን ኮፒ አትመኑ፤ ፋይሉን ከመሬት አስተዳደር ራሳችሁ አስጠይቁ። የሚጣራው፦

- ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ይፈርማል።
- የውርስ ንብረት ከሆነ ሁሉም ወራሽ ይፈርማል። አውራው ልጅ ብቻ ፈርሞ፣ ውጭ አገር ያለችው እህት ከሦስት ዓመት በኋላ ክስ ይዛ ስትመጣ የሚፈርሰው የእናንተ ሕልም ነው። ውክልናዋ ሳይመጣ አትፈርሙ።
- የባንክ ዕዳ ወይም የፍርድ ቤት እግድ የለበትም? ማረጋገጫው በደብዳቤ ይሁን።
- ግብሩ እስከ ዘንድሮ ተከፍሏል?
- የአገልግሎት ለውጥ ይፈቀዳል? መኖሪያ ቤት ወደ አምልኮ ቤት መቀየር የከተማውን ይሁንታ ይጠይቃል። ይህ ሳይረጋገጥ የተገዛ ግቢ ጸሎት ቤት ሳይሆን መኖሪያ ሆኖ ይቀራል።

ሲስማማ፣ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ሰነድ በሚያረጋግጠው ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በሚመለከተው አካል ፊት እንዲመዘገብ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1723 ያዝዛል። ክፍያው በባንክ፣ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ሂሳብ ወደ ሻጩ ሂሳብ ይተላለፍ። የስም ዝውውር ግብርና የቴምብር ቀረጥ ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይስፈር። ሰፋ ያለው ክፍያ ካርታው በቤተ ክርስቲያኒቱ ስም ሲዞር የሚከፈል ይሁን፤ ሻጩ ከዚህ በፊት ሙሉውን ካልወሰድኩ ካለ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

ዋጋውን አሳንሳችሁ አትጻፉ። ግብር ለመቀነስ ተብሎ ግማሹ ብቻ ተጽፎ ነገሩ ሲበላሽ፣ ፍርድ ቤት የሚያየው የተጻፈውን ነው። አማኝ ደግሞ ውሸት ላይ መሠረት አያኖርም።

ቀብድ ከሰጣችሁ በኋላ ነገሩ ቢፈርስ፦ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠው ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ «ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ፤ ፍተሻው ሳያልቅም ቀብድ አትስጡ።

## ደረጃ 8፦ ጎረቤትን ቀድማችሁ አነጋግሩ

ሰሜን ሸዋ አብዛኛው ሰው ኦርቶዶክስ የሆነበት አገር ነው። ጎረቤታችሁ ስለ እናንተ መጀመሪያ የሚሰማው ከድንጋይ ጫኝ መኪና ከሆነ ቅር ይለዋል፤ ቅሬታው በማግስቱ ቀበሌ ይደርሳል።

ችካሉ ከመተከሉ በፊት ሁለት የሰፈሩ ሽማግሌ ይዛችሁ አዋሳኞቹን በየቤታቸው ዙሩ። የዕድሩን ዳኛ አነጋግሩ። በአቅራቢያ ያለ ደብር ካለ አለቃውንና የሰበካ ጉባኤ ሰዎችን በአክብሮት ጎብኙ። ስትናገሩ ስለ አስተምህሮ አትከራከሩ፤ ምን እንደምትሠሩ፣ ሕንፃው ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ የአገልግሎት ሰዓታችሁ ስንት እንደሆነ፣ ድምፅ ማጉያው ወደ ውስጥ ብቻ እንደሚሆን ንገሩ። የተናገራችሁትንም ጠብቁ። ከዕድሩ አባላት ለቅሶ ሲደርስ ድንኳንና ወንበር ማዋስ የምትችሉ ከሆነ ያንንም ንገሯቸው፤ ግን የማታደርጉትን አትናገሩ።

ተቃውሞ ከተነሣ ሥራውን ለጥቂት ቀን አቁሙና ሽማግሌ ላኩ። ፈቃድ በእጃችሁ ሳለ ማቆም ሽንፈት አይደለም። ወጣቶቻችሁ በማኅበራዊ ሚዲያ መልስ እንዳይሰጡ በጥብቅ አዝዙ። ስጋት ካለ በጽሑፍ ለቀበሌና ለፖሊስ አሳውቁ፣ የገቢ ቁጥር ያዙ።

## ደረጃ 9፦ ዲዛይንና የግንባታ ፈቃድ

ሕዝብ የሚሰበሰብበት ሕንፃ በሕንፃ አዋጅ 624/2001 ምድብ «ሐ» ውስጥ ይገባል። በሰፈር አናጢ ንድፍ የሚሠራ አይደለም፤ ፈቃድ ያላቸው አርክቴክት፣ የስትራክቸር መሐንዲስ፣ የኤሌክትሪክና የቧንቧ ባለሙያ ይፈርሙበታል። ሁለት ነገር ግድ ብላችሁ ጠይቁ፦ ቢያንስ ሁለት ሰፋፊ መውጫ በር ይኑር፤ በሮቹም ወደ ውጭ ይከፈቱ። አራት መቶ ሰው በአንድ ወደ ውስጥ በሚከፈት በር ማስወጣት አይቻልም።

ንድፉ ለአየሩ ይስማማ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የምሥራቅ ፀሐይ የሚያስገባ መስኮትና ነፋስ የሚከላከል መግቢያ ያስፈልጋል። ሸዋ ሮቢት ቆላ ስለሆነች እዚያ ከፍ ያለ ጣሪያና ተሻጋሪ አየር ይቅደም። የአንዱን ከተማ ንድፍ ለሌላው አትቅዱ።

ጠቅላላው ወጪ ከአቅም በላይ ከሆነ ንድፉን አታሳንሱ፤ በምዕራፍ ክፈሉት፦ መሠረትና አምድ፣ ከዚያ ጣሪያ፣ ከዚያ ግድግዳና ወለል። ፈቃዱ ግን ለሙሉው ይውጣ። የሊዝ ውሉ የግንባታ መጀመሪያና ማጠናቀቂያ ቀን ይኖረዋል፤ ካለፈ ቦታው ሊነጠቅ ስለሚችል ማራዘሚያ የምትጠይቁት ቀኑ ሳያልፍ በፊት ነው።

## ደረጃ 10፦ ግንባታ

ወሩን ጠብቁ። ቁፋሮ በጥቅምት ጀምሩ፤ ጣሪያው ከሰኔ በፊት ይልበስ። የበልግ ዝናብ ከየካቲት ጀምሮ ሊመጣ ስለሚችል ክፍት ጉድጓድ አታቆዩ።

መረሬ ላይ ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ ይሞላ፤ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ውሃ እየጠጣ ይደልደል። በአንድ ጊዜ ተሞልቶ ከላዩ ብቻ የተረገጠ ሙሌት በሁለተኛው ክረምት ይሰምጣል። የጣሪያው ውሃ በቦይ ከመሠረቱ ይራቅ።

ውርጭ። በኅዳር፣ በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ደጋው ላይ ውርጭ ይጥላል። ኮንክሪት ጠዋት ሙሉ፣ ማታ በፕላስቲክና በጭድ ሸፍኑ፤ ቢያንስ ለሰባት ቀን ውሃ አጠጡ። ጠዋት ላይ ገጹ ዱቄት ሆኖ በጣት የሚፈርስ ከሆነ መሐንዲሱ ሳያይ ሌላ አትጫኑበት።

ነፋስ። የጣሪያው ትራስ (ቆርቆሮውን የሚሸከመው ማዋቀሪያ) ከላይኛው ቢም ጋር በብረት ይታሰር። በምስማር የተያዘ ቆርቆሮ የመንዝን ነፋስ አይችልም።

የምዕመናን ጉልበት ሥራ በረከት ነው፤ ግን ለድንጋይ መልቀም፣ ለውሃና ለሙሌት ይሁን። ብረት ማሰርና ኮንክሪት ማደባለቅ ባለሙያ ይጠይቃል። ሲሚንቶ ሲገባና ሲወጣ በመዝገብ ይፈረም። ጣሪያው ሲያልቅ «እስከዚያው እንገልገልበት» ብላችሁ ሕዝብ አታስገቡ፤ የመጠቀሚያ ፈቃድ ሳይወጣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂው የፈረመው ሽማግሌ ነው።

## ደረጃ 11፦ ገብታችሁም የሚቀር ሥራ

የመጠቀሚያ ፈቃዱን አውጡ፤ ካርታው ላይ ሕንፃው እንዲመዘገብ አመልክቱ። ዋናው ካርታ ባንክ ሳጥን ወይም እናት ቤተ ክርስቲያን ካዝና ውስጥ ይቀመጥ፤ በአጥቢያው ኮፒ ይኑር። የኪራዩን አዳራሽ በውሉ ማስታወቂያ መሠረት ልቀቁ፤ መብራትና ውሃውን ከፍላችሁ ከአከራዩ ማስረጃ ውሰዱ።

የመቃብር ቦታ ጥያቄም አለ። ብዙ አጥቢያ የሚያስታውሰው አንድ ወንድም ያረፈ ዕለት፣ ሬሳው ቤት ሳለ ነው። ለከተማው የተለየ ደብዳቤ አሁኑኑ አስገቡ፤ ከሌሎች ወንጌላውያን አጥቢያዎች ጋር በአንድነት ብትጠይቁ የጋራ መካነ መቃብር የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል።